ፎርሙላ ማገላበጥ የሚያስተምረው አፕ፦ ግማሹ ፍሬ ግማሹ ገለባ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገርና ጊዜ ያለው ከታች ያንብብ። ከ5 ኮከብ 3 ተኩል ነው የሰጠሁት፣ ግማሽ ኮከብ አይቀበልም ስለዚህ 3 ብሎ ነው የመዘገበው፣ እናንተ ግን ተኩሏን ጨምሩልኝ። የአፑን ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም እንዲመስል አልፈልግም፣ ደሞ የማወራቸው ነገሮች የዚህ አፕ ብቻ አይደሉም፣ ፎርሙላ ውስጥ የተደበቀን ፊደል ብቻውን ማውጣት አስተምራለሁ የሚል የትኛውም አፕ ወይ ቪዲዮ ወይ አስጠኚ ላይ ይሄንኑ ልትፈትሹበት ትችላላችሁ።

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ አንድ ማታ ደብተሯን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ፎርሙላው ቪ = ዩ + ኤ×ቲ ነው፣ ጥያቄው ኤን አግኙ ይላል፣ ኤ ደሞ እዚህ መሀል ተቀርቅሯል፣ እንዴት ነው የማወጣው?» አለችኝ (ቪ የመጨረሻ ፍጥነት፣ ዩ የመነሻ ፍጥነት፣ ኤ ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚቀየርበት መጠን፣ ቲ ጊዜ ነው)። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ዩን ወደ ማዶ አሻግሪው፣ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል፣ ቲንም አሻግሪው፣ እሱ ደሞ ማባዛት የነበረው ማካፈል ይሆናል፣ አለቀ» አልኳት። «ለምንድነው ሲሻገር የሚቀየረው? ማዶ ላይ ልብስ መቀየሪያ አለ እንዴ?» ብትለኝ ዝም። እውነቴን ነው፣ ይሄን ነገር ስንት ዓመት ሙሉ «ይሻገራል ይቀየራል» እያልኩ ኖሬ አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም ነበር፣ ያውም ኤክሴል ላይ ፎርሙላ ስጽፍ የምውል ሰውዬ። በዛው ማታ ነው አፑን ያወረድነው፣ 12ቱንም ምዕራፍ ሁለታችን አብረን በ6 ሳምንት ጨርሰነዋል፣ ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ከፍቼ አይቼ ዘግቼው አይደለም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ላስቀድም። አፑ ቋንቋ መምረጫ አለው፣ አማርኛም አለው፣ ደስ ብሎን አማርኛውን መረጥን፣ ከዛ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ «ርዕሰ ጉዳዩን ወደ ቲ ቀይር» ይላል። ርዕሰ ጉዳይ! ልጅቷ «ገና ምን አወራንና ነው የምንቀይረው» ብላ በሳቅ ሞተች። ማሽን እንደተረጎመው ያስታውቃል፣ እንግሊዝኛው ሰብጀክት የሚለው ቃል ርዕስም ይሆናል የዓረፍተ ነገር ባለቤትም ይሆናል፣ ማሽኑ አንደኛውን አንስቶ ለጠፈው። ትክክለኛው ግን ሰዋስው ላይ የተማርነው ባለቤት ነው፣ እና ሳስበው ነገሩን የሚገልጸው እሱ ቃል ነው፣ ፎርሙላ እኮ ዓረፍተ ነገር ነው፣ «ፍጥነት ማለት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ነው» ስንል ባለቤቱ ፍጥነት ነው፣ የሚወራው ስለሱ ነው፣ ሌሎቹ የመጡት እሱን ለመግለጽ ነው። ያንኑ እውነት ሳናዛባ «ጊዜ ማለት ርቀት ለፍጥነት ሲካፈል ነው» ካልን ባለቤቱን ቀየርን እንጂ አዲስ ነገር አልተናገርንም። ስለዚህ አፑን አማርኛው ላይ አታድርጉት፣ እንግሊዝኛው ላይ ተዉትና በሆዳችሁ ባለቤት እያላችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ ጥሩው ጎኑ። የመጀመሪያዎቹ 5 ምዕራፎች በጣም በጣም ጥሩ ናቸው። «ይሻገራል» የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አይጠቀምም። ቪ = ዩ + ኤ×ቲ ላይ ዩን ለማስለቀቅ ስትነካው ሁለቱም ጎን ላይ «ዩ ይቀነስ» የሚል ብቅ ይላል፣ በቀኝ በኩል ያለው ዩ ከተቀነሰው ዩ ጋር ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል፣ በግራ በኩል ግን የሚጣፋው ነገር ስለሌለ መቀነሱ እንዳለ ይቀራል፣ ቪ − ዩ ሆኖ። ይሄው ነው ሚስጥሩ፣ ማንም አልተሻገረም፣ ምልክትም የቀየረ የለም፣ እዚህ ጋ የጠፋ እዛ ጋ ግን ምልክቱን የተወ ነገር ነው። ልጅቷ ይሄን ስታይ ዞር ብላ እኔን ያየችበት አስተያየት አሁንም አይረሳኝም፣ ስንት ዓመት ውሸት ነግረውኛል ዓይነት።

ሁለተኛው የወደድኩት የቅደም ተከተል አሠራሩ ነው። ማገላበጥ ከመጀመርህ በፊት የምትፈልገው ፊደል ላይ ምን ምን እንደደረሰበት በተራ እንድትጽፍ ያስገድድሃል፣ ተራ መስመር እንበለው። ኤ መጀመሪያ በቲ ተባዛ፣ ከዛ ዩ ተደመረበት። ጨረስክ? አሁን ከመጨረሻው ጀምረህ አንድ በአንድ ፍታ፣ ዩን ቀንስ፣ ከዛ ለቲ አካፍል፣ ኤ = (ቪ − ዩ) ÷ ቲ። ልክ እንደ ልቃቂት ነው፣ ክሩ ሲጠመጠም መጨረሻ ላይ የዞረው ነው ሲፈታ መጀመሪያ የሚወጣው፣ ከመሀል ልጎትት ካልክ ውሉ ይጠፋብሃል። ከዛ ደሞ በቁጥር ያስፈትሽሃል፣ ዩ 5፣ ኤ 3፣ ቲ 4 ቢሆን ቪ 17 ነው፣ አሁን በአዲሱ ፎርሙላህ 17 ላይ 5 ቀንሰህ ለ4 ስታካፍል 3 መጣ ወይ? መጣ። አለቀ፣ መልስ ማየት አያስፈልግህም፣ ራስህን ራስህ ታርማለህ። ይሄን የቁጥር መፈተሻ ነገር ለምን እስከ መጨረሻው እንዳልቀጠሉበት አይገባኝም፣ ከምዕራፍ 6 በኋላ ድራሹ ይጠፋል፣ የሚብሰው ስህተት የሚመጣው ደሞ እዛ ነው።

ምዕራፍ 3 የፋራናይትና የሴልሺየስ ነው፣ የሁሉም ምርጥ። ፋራናይት = ሴልሺየስ × 9 ÷ 5 + 32። ልጅቷ ሰው ጤነኛ ሲሆን 98.6 ፋራናይት ነው ተብላ ወደ ሴልሺየስ ስትመልሰው መጀመሪያ በ5 አባዝታ ለ9 አካፈለችና ከዛ 32 ቀነሰች፣ 22.8 ወጣላት። «ጋሼ ይሄ ሰውዬ ከሞተ ቆይቷል» አለችኝ። ልክ ናት፣ በተራው ብትፈታው፣ ማለትም 32ቱን መጀመሪያ ቀንሳ 66.6፣ ከዛ በ5 አባዝታ 333፣ ለ9 አካፍላ 37 ነው የሚመጣው። እዚህ ጋ አፑ አንድ ብልጥ ነገር ያደርጋል፣ «ማካፈሉን ለምን ማስቀደም አይቻልም?» ብሎ ራሱ ይጠይቅና ይቻላል ይልሃል! ተራው ሕግ አይደለም፣ ሕጉ የምታደርገውን ነገር ሙሉ ጎኑ ላይ ማድረግህ ነው፣ በ5 አባዝተህ ለ9 ስታካፍል 32ቷም አብራ መባዛትና መካፈል አለባት፣ 17.8 አካባቢ ትሆናለች፣ ከ54.8 ላይ 17.8 ስትቀንስ ያው 37 ይመጣል። የልጅቷ ስህተት 32ቷን ሳይነኳት ማለፏ ነበር። እኔ ይሄን ያየሁት መጀመሪያ እዚህ ነው፣ ከዚህ በፊት ያየኋቸው ማስተማሪያዎች ተራውን እንደ ሃይማኖት ነው የሚሰብኩት። በነገራችን ላይ ሁለቱ መለኪያዎች እኩል ቁጥር የሚያሳዩበት ቦታ አለ፣ ሁለቱንም አንድ ፊደል አድርጋችሁ ፍቱት፣ ከዜሮ በታች 40 ነው።

መሀል ላይ አጭር የታሪክ ገጽ አለች፣ ብዙ ሰው የሚዘላት ይመስለኛል፣ አትዝለሏት። አልጀብራ የሚለው ቃል አል-ጀብር ከሚለው ዓረብኛ ነው የመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ820 አካባቢ ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው አል-ኸዋሪዝሚ ነው ለዚህ ሥራ ስም አድርጎ ያስገባው፣ ትርጉሙም የጎደለውን መመለስ፣ የተቀነሰውን ነገር ሁለቱም ጎን ላይ ደምሮ መሙላት ማለት ነው። ቃሉ ዓረብኛ ላይ የተሰበረ አጥንት መጠገንም ነው፣ ማለት እኛ ወጌሻ የምንለው ሰው ሥራ። እኔ ከዛ ቀን ጀምሮ ዩን ከሁለቱም ጎን ስቀንስ አጥንት የማቃና ነው የሚመስለኝ። ከሁሉ የገረመኝ ደሞ በሱ ጊዜ ፊደልም «እኩል ይሆናል» የሚል ምልክትም የለም፣ ሁሉም በቃላት ነው የሚጻፈው። የእኩል ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1557 ሮበርት ሪኮርድ የሚባል ዌልሳዊ ነው ያመጣው፣ «ይሆናል ይሆናል» እያለ መጻፍ ስለሰለቸው ሁለት እኩል መስመር አሰመረ፣ የሚታወቁትንም የማይታወቁትንም በፊደል መተካት ደሞ በ1591 ከፈረንሳዊው ፍራንስዋ ቪዬት ነው በደንብ የጀመረው። እና ፊደል ሲበዛባችሁ በቃል ጻፉት፣ እኔ «የመጨረሻ ፍጥነት ሲቀነስ የመነሻ ፍጥነት፣ ለጊዜ ሲካፈል» ብዬ ስጽፈው ነው የሚገባኝ፣ እንደ ድሮዎቹ።

እሺ አሁን ወደ መጥፎው። ምዕራፍ 6 ላይ ያቺን የታወቀች ሦስት ማዕዘን አመጡ። ታውቋታላችሁ፣ ላይ ቮልቴጅ፣ ታች ከረንትና ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ ፎርሙላ ነው፣ ቮልቴጅ የሁለቱ ብዜት ነው)፣ የምትፈልገውን በጣትህ ሸፍን የቀረው መልስ ነው የምትለዋ። አምስት ምዕራፍ ሙሉ ለምን እንደሚሆን አስተምሮህ ስድስተኛው ላይ «ጣትህን አድርግበት» ይልሃል። እሺ ትሠራለች፣ ግን የምትሠራው አንዱ የሁለቱ ብዜት ሲሆን ብቻ ነው። ልጅቷ ይሄን ከተማረች በኋላ ቪ = ዩ + ኤ×ቲን ሦስት ማዕዘን ውስጥ ልትከት አንድ ሰዓት ስትታገል አየኋት፣ አራት ነገር ናቸው፣ መደመርም አለበት፣ የት ይገባል? ሌላ ብዙ ቦታም አይታችኋታል፣ እኔ ግን ይቺን ሦስት ማዕዘን ከሁሉም ማስተማሪያ ላይ ባጠፋት ደስ ይለኛል፣ ጊዜ የምትቆጥብ መስላ ጊዜ የምትበላ ናት።

ከዛ ምዕራፍ 7፣ ስኩዌር ሩት። እዚህ አፑ ግማሽ ይነሳል ግማሽ ይወድቃል። የተነሳበት የፔንዱለሙ ነው። አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ = 2 × ፓይ × የ (ርዝመት ÷ የመሬት ስበት) ስኩዌር ሩት። የመሬት ስበቱን አውጣ ይላል፣ በተራ መስመሩ ሲታይ ስበቱ ርዝመቱን አካፈለ፣ ሩት ውስጥ ገባ፣ በ2 ፓይ ተባዛ፣ ስለዚህ ስትፈታ ለ2 ፓይ አካፍል፣ ስኩዌር አድርግ፣ ከዛ ስበቱ ታች ስላለ ወደ ላይ አምጣው፣ ስበት = 4 × ፓይ ስኩዌር × ርዝመት ÷ ጊዜ ስኩዌር። አኒሜሽኑ በጣም ያምራል ግን እኛ በእሱ አልረካንም፣ ክር ላይ ብሎን አስረን 80 ሳንቲሜትር ለክተን ከበር ላይ አንጠለጠልንና 20 ውዝዋዜ ቆጠርን፣ 36 ሰከንድ፣ ማለት አንዱ 1.8። ልጅቷ ፎርሙላዋ ውስጥ ስትከት 1.55 መጣላት። የምናውቀው 9.8 አካባቢ ነው። ፈለግን ፈለግን፣ ለካ ሁለቱን ጎን ስኩዌር ስታደርግ 2 ፓይን ረስታዋለች፣ 2 ፓይ እንዳለ ቀርቷል፣ 4 ፓይ ስኩዌር መሆን ነበረበት። ስታስተካክለው 9.75 መጣ። በክርና በብሎን 9.75! ደሞ የሚያስቀው የጨረቃ ስበት 1.62 ነው፣ የመጀመሪያው ስህተቷ ጨረቃ ላይ ሊያደርሰን ምንም አልቀረው። አንድ ውዝዋዜ በትክክል 2 ሰከንድ እንዲፈጅ የክሩ ርዝመት ስንት ይሁን ብላችሁ ርዝመቱን ባለቤት ካደረጋችሁት ደሞ 99 ሳንቲሜትር ከምናምን ይመጣል፣ አንድ ሜትር ለመሆን ትንሽ የቀረው፣ እኛ ይሄንንም ሞክረነዋል ሠርቷል።

የወደቀበት የሲደመር ወይም ሲቀነስ ነገር ነው። ስኩዌር የሆነን ነገር ስትፈታ ሁለት መልስ ይመጣል፣ 10 ስኩዌርም 100 ነው ኔጌቲቭ 10 ስኩዌርም 100 ነው። አፑ አንዱ ጥያቄ ላይ ሁለቱንም ካልጻፍክ ቀይ ያደርግብሃል፣ ሌላው ላይ ሁለቱንም ስትጽፍ ቀይ ያደርግብሃል፣ ለምን እንደሆነ አንድ ቃል አይናገርም። እኔ ላስረዳችሁ። ክብ ላይ ከስፋት ተነስተህ ሬዲየስ ስታወጣ ፖዘቲቩ ብቻ ነው የሚሆነው ምክንያቱም ርዝመት ከዜሮ በታች አይሆንም። ቪ ስኩዌር = ዩ ስኩዌር + 2×ኤ×ኤስ (ኤስ ከመነሻው ያለው ርቀት ነው) ላይ ግን ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ኳስ በ20 ሜትር በሰከንድ ወደ ላይ ወርውር፣ ስበቱን ለቀላል ሂሳብ 10 በለው፣ 15 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ስበቱ ወደ ታች ስለሚጎትት ይቀነሳልና፣ 400 ሲቀነስ 300 (2×10×15)፣ ቪ ስኩዌር 100 ነው፣ ቪ ደሞ 10 ወይም ኔጌቲቭ 10። የትኛው ነው ትክክል? ሁለቱም፣ ኳሱ እዛ ከፍታ ላይ ሁለቴ ነው የሚያልፈው፣ አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲወርድ። ማለት ምልክቱ የሂሳብ ጌጥ አይደለም፣ ኳሱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው የሚነግርህ። ይሄን የመሰለ ነገር ይዞ ቀይ ብቻ አብርቶ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው።

ግን እውነተኛው ቅሬታዬ ምዕራፍ 9 ነው። የምትፈልገው ፊደል ሁለት ቦታ ሲገኝ። እዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚሰናከለው፣ ተራ መስመሩም አይሠራም ምክንያቱም ሁለት መንገድ የመጣን ነገር ወደኋላ መከተል አትችልም፣ ልቃቂቱ ሁለት ጫፍ አለው። እና ለዚህ የሰጡት አንድ ምሳሌ ነው፣ ከደቂቃ ያነሰ ቪዲዮ! ለአንዲት ሦስት ማዕዘን ሙሉ ምዕራፍ፣ ለዚህ አንድ ምሳሌ።

የሌንስ ፎርሙላን ልውሰድ፣ ለኛ ያሠቃየን እሱ ነው። 1/ኤፍ = 1/ዩ + 1/ቪ፣ ኤፍ የሌንሱ የትኩረት ርቀት፣ ዩ የዕቃው ርቀት፣ ቪ የምስሉ ርቀት። መጀመሪያ ልጅቷ ሁሉንም ገልብጣ ኤፍ = ዩ + ቪ አለች፣ ዩ 30 ቪ 15 ቢሆን ኤፍ 45 ነው ብላ። አፑ ቀይ። ለምን? ዝም። ምክንያቱ ያው ከላይ ያልኩት ነው፣ የምታደርገውን ሙሉ ጎኑ ላይ ነው ማድረግ ያለብህ፣ መገልበጥ ካለብህ ድምሩን ባንዴ ነው እንጂ ቁርጥራጩን ለየብቻ አይደለም፣ 1/30 ሲደመር 1/15 ማለት 3/30 ነው፣ እሱ 1/10 ነው፣ ሲገለበጥ 10 ነው፣ 45 አይደለም። አሁን ዩን ባለቤት እናድርገው። መጀመሪያ ክፍልፋዮቹን እናጥፋ፣ ሁሉንም በዩ×ቪ×ኤፍ ስናባዛ ዩ×ቪ = ኤፍ×ቪ + ኤፍ×ዩ ይመጣል። ዩ ሁለት ጎን ላይ አለ። ዩ ያለበትን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሰብስብ፣ ዩ×ቪ − ኤፍ×ዩ = ኤፍ×ቪ። አሁን ዩ ከሁለቱም ላይ የጋራ ስለሆነ አውጣውና ቅንፍ አድርግ፣ ዩ × (ቪ − ኤፍ) = ኤፍ×ቪ፣ ይሄኔ ዩ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ በቅንፉ አካፍል፣ ዩ = ኤፍ×ቪ ÷ (ቪ − ኤፍ)። በቁጥር፣ 10 በ15 ሲባዛ 150፣ 15 ሲቀነስ 10 አምስት፣ 150 ለ5 ሠላሳ። መጣ! ሰብስብ፣ የጋራውን አውጣ፣ አካፍል፣ ይሄን ሦስት ነገር ነው አፑ በደንብ ያልነገረን፣ እኛ በደብተር ላይ ነው ያገኘነው። ራሳችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ዋይ = (ኤክስ + 1) ÷ (ኤክስ − 2) ላይ ኤክስን አውጡ፣ ኤክስ 3 ሲሆን ዋይ 4 ነው፣ ያወጣችሁት ፎርሙላ ዋይ 4 ስትሉት 3 ካልመለሰላችሁ የሆነ ቦታ ቅንፍ ጥላችኋል።

እዛው ላይ እያለን አንድ ሌላ ነገር፣ ቪ ከኤፍ ጋር እኩል ቢሆንስ? ታች ዜሮ ይሆናል፣ በዜሮ ማካፈል የለም። አፑ ይሄን በጭራሽ አያነሳም። ግን እዚህ ጋ ፎርሙላው የሆነ ነገር እየነገረህ ነው፣ ምስሉ ልክ የትኩረት ርቀቱ ላይ የሚያርፈው ዕቃው በጣም በጣም ሩቅ ሲሆን ነው፣ እንደ ፀሐይ፣ ለዛ ነው ዩ ቁጥር አጥቶ የሚሸሸው። ማጉያ መስታወት የፀሐይን ጨረር ወረቀት ላይ ሰብስቦ የሚያቃጥልበት ርቀት ማለት እሱ ነው። ይሄን ስነግራት ልጅቷ ወረቀት ልታቃጥል ተነሳች፣ ከለከልኳት።

መልስ ማረሚያው ደሞ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። አፑ የሚጠብቀው አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ነው። ኤ = (ቪ − ዩ) ÷ ቲ ይቀበላል፣ ቪ÷ቲ − ዩ÷ቲ ስትለው ቀይ። ሁለቱ አንድ ናቸው እኮ! ሴልሺየስ = 5 × (ፋራናይት − 32) ÷ 9 አረንጓዴ፣ (5 × ፋራናይት − 160) ÷ 9 ቀይ። ልጅቷ በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ሙሉ ትክክል የነበረውን ሥራዋን ስህተት ነው ብላ ስትሰርዝ ነበር፣ ይሄ ነው ያናደደኝ፣ ትክክል የሠራን ልጅ ተሳስተሻል ከማለት የከፋ አስተማሪ የለም። ፊደሎቹ ቦታ የፈለገውን ቁጥር ከትቶ ሁለቱ አንድ መልስ ይሰጣሉ ወይ ብሎ ማየት ብቻ እኮ ነው፣ እኔ ኤክሴል ላይ በሁለት ደቂቃ የማደርገው።

መጨረሻው ምዕራፍ በራሱ መተማመን የበዛበት ነው፣ «አሁን የትኛውንም ፎርሙላ መገልበጥ ትችላለህ» ብሎ ሰርተፍኬት ይሰጥሃል። አትችልም። የወለድ ወለድ ፎርሙላ ላይ ዓመቱ ፓወር ላይ ነው የተቀመጠው፣ እሱን ለማውረድ ሎጋሪዝም ያስፈልጋል፣ አፑ ሎጋሪዝም የሚለውን ቃል እንኳን አያነሳም። ለማወቅ ያህል፣ በዓመት 7% የሚያድግ ነገር እጥፍ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል ካላችሁ የ2 ሎጋሪዝም ለ1.07 ሎጋሪዝም ማካፈል ነው፣ 10 ዓመት ከትንሽ። ከዛ ባሻገር ደሞ ጭራሽ የማይገለበጡ አሉ። የከዋክብት ተመራማሪው ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1600ዎቹ መጀመሪያ ፕላኔት ምህዋሯ ላይ በሆነ በተወሰነ ሰዓት የት እንደምትሆን ለማወቅ ያወጣው እኩልታ አለ፣ የሚፈለገው ማዕዘን አንዴ ለብቻው አንዴ ደሞ ሳይን ውስጥ ገብቶ ነው ያለው፣ ሰብስብ ብትለው አይሰበሰብም፣ የጋራ አውጣ ብትለው የለውም፣ በምናውቃቸው መደመር ማባዛት ሩት ሳይን ሎጋሪዝም ምናምን ብቻውን ልታስቀረው አትችልም። ታዲያ ምን ይደረጋል፣ ይገመታል፣ ግምቱ ተመልሶ ፎርሙላው ውስጥ ይገባል፣ የተሻለ ግምት ይመጣል፣ እንደዛ እያለ እስኪበቃህ ድረስ፣ ሳተላይት የት እንዳለች ሲሰላም ያው ነው። ኤክሴል ላይ ጎል ሲክ የሚባለውም ይሄንኑ ነው የሚሠራው፣ ስንት ዓመት ስጠቀምበት እየገለበጠልኝ ነበር የሚመስለኝ፣ ለካ እየገመተልኝ ነበር። አፑ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ «የማይገለበጡም አሉ» ቢል ምን ነበረበት።

ሌላው ሌላው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ባትሪ አይበላም፣ ማስታወቂያው በየምዕራፉ መጨረሻ ነው እንጂ መሀል አይገባም፣ ድምፁ የሚያስጠላ ነው አጥፉት። የመጀመሪያዎቹ 5 ምዕራፎች ነፃ ናቸው፣ ከ6 ጀምሮ በክፍያ ነው፣ እና ከላይ እንዳያችሁት ጥሩው ነፃው ላይ ነው ያለው፣ ገለባውን ነው የሚሸጡት፣ ፔንዱለሟ ብቻ ናት የምታስቆጭ። እኔ ብሆን ነፃውን በደንብ ጨርሼ ከዛ ደብተርና እርሳስ ይዤ የፊዚክስ ፎርሙላ በሙሉ እየወሰድኩ እያንዳንዱን ፊደል በተራ ባለቤት አደርግ ነበር፣ በቁጥር እየፈተሽኩ። ገና ለጀመረ ልጅ እና እንደኔ «ይሻገራል» ብሎ ለኖረ ትልቅ ሰው ጥሩ ነው፣ ለፈተና ለሚዘጋጅ ግን ምዕራፍ 9 ስለሚያሳጣው አይበቃውም።

ስለ ማረሚያው ጽፌላቸው ነበር፣ ሁለቱን የሴልሺየስ አጻጻፍ ጎን ለጎን አድርጌ፣ 98.6 ስትከቱ ሁለቱም 37 ይሰጣሉ ብዬ። በማግስቱ መልስ መጣ፣ በጣም ትሁት፣ በሚቀጥለው አፕዴት እናስተካክላለን የሚል። አፕዴቱ ባለፈው ሳምንት ወጣ፣ አዲስ ነገሩ የሰርተፍኬቱ ቀለም ነው። ዛሬ ጠዋት 5 × ፋራናይት − 160 ለ9 ብዬ ድጋሚ ሞከርኩት፣ አሁንም ቀይ።